ጀማል ወዶ የፈረመው ወረቀት

ነገሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያስወጣኝ ይህን ያህል ነው፦ ለጠበቃ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር፣ ለስም ዝውውር ግብር አራት መቶ ሰባ ስድስት፣ ለካውንቲ መዝገብ ቤት አርባ ስድስት፣ ለማኅተም አምስት፣ አንድ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ፣ ሦስት ሽማግሌ፣ መስጊድ ውስጥም የፊተኛው የሰጋጆች ረድፍ፣ የፊተኛው ሰፍ ላይ የነበረችኝ ቦታ። የፊት የፊቶቹን በደረሰኝ አሳያለሁ። የኋለኞቹ ደረሰኝ የላቸውም፤ ሰው እኔን ሲያይ አንገቱን በሚያዞርበት ፍጥነት ይታወቃሉ። ተወደደብህ የሚለኝ አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነግጃለሁ፣ ያን ያህል የረካሁበት ግዢ የለኝም።

በየዓመቱ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ የሌክ ስትሪት ጥግ ሁሉ ክረምቱን ሙሉ የዋጠውን ጓንትና የሲጋራ ቁራጭ መልሶ ሲተፋ፣ ከካውንቲው፣ ከወረዳው አስተዳደር፣ የንብረት ግብር ደብዳቤ ይመጣል። ጎረቤቶቼ ሳይከፍቱት ይሳደባሉ። እኔ ሻዬን አፍልቼ፣ መነጽሬን ጠርጌ፣ ተደላድዬ ተቀምጬ ነው የማነበው። ቁጥሩን አይደለም፤ ቁጥሩ ያው ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ነው። የማነበው ከላይ ያለችውን የባለቤት ስም የምትለዋን መስመር ነው። ስሜ አለ፣ ከሥሩ ሌላ ስም የለም። ዘንድሮ ልጄ ሂክማ አይታኝ፣ በዚያ በእንግሊዝኛዋ፣ ግብር ክፈል ተብሎ የሚስቅ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም አለች። ደብዳቤውን አጠፍኩት። መልሱ ረጅም ነው፣ የሚጀምረውም እሷ ከማታውቀው መርካቶ ነው።

ጀማልን ያወቅኩት እኔ ሱሪ በትከሻዬ እያዞርኩ ስሸጥ፣ እሱ ደግሞ ስፋቷ ከቁም ሳጥን የማትበልጥ ሱቅ ሲኖረው ነው። እሱ የደሴ ልጅ ነው፣ እኔ የኮምቦልቻ፤ አዲስ አበባ ላይ ይሄ ሥጋ ዘመድ ያሰኛል። ጂንስ ሱሪ አርባ አምስት ብር፣ ከነቀበቶው ሃምሳ። ቀበቶው ቆዳ ነው እንላለን፣ ካርቶን ነው። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ በአሥር። ጠዋት የካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያ አምባሰል ሲለቅ ጀማል የሱቁን ቆርቆሮ እያነሳ አብሮ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ይህን አልክደውም። ጥቁር ሰፊ ሱሪና ሹል ጫማ ያደርጋል፣ ጫማውን በቀን ሦስቴ ያስጠርጋል። ያልሸጥኩትን ሱሪ ማምሻውን እሱ ጋ ጥዬ እሄዳለሁ። ስንት ነው ብሎኝ አያውቅም፣ ጠዋትም ስንት ቀረ ብዬው አላውቅም። ይህን የማነሳው ለውለታው ብዬ አይደለም። በኋላ ለምን ያለ ማኅተም አመንከው የሚሉኝ ሰዎች ስላሉ ምክንያቴ እንዲታወቅ ነው። ወረቀት ሳይኖረን ስንት ዓመት አንድ ሱሪ አልጎደለም። ሱሪ ግን ሕንፃ አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ ሚኒሶታ ድረስ መምጣት ነበረብኝ።

እሱ ቀድሞኝ ነው የመጣው። ፎርት ስኔሊንግ ካለው አየር ማረፊያ ታክሲ ድራይቭ ያደርግ ነበር፤ ቤት እንደ ሳልባጅ በክምር በተሸጠበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ሌላው ቤቱን ሲያጣ እሱ ከዚህም ከዚያም አንድ አንድ ለቀመ። እኔ ስደርስ ጀማል ታክሲውን ትቶ፣ የግመል ቀለም ካፖርት ለብሶ፣ ጫማው በረዶ እንዳይነካው ላስቲክ አጥልቆበት የሚዞር የቤት ባለቤት ሆኖ አገኘሁት። ከሌክ ስትሪት ገባ ብሎ አንድ ጥግ ላይ፣ ታች ሱቅ፣ ላይ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አሮጌ የሸክላ ሕንፃ ነበረው። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጣሪያው ያለቅሳል፣ ጥጉ ግን ወርቅ ነው፤ ሃያ አንድ ቁጥር አውቶቡስ ፊቱ ይቆማል። መቶ አርባ ሺህ አለኝ። አንድ ሰዓት ተከራከርኩ፣ አንድ ዶላር አልወረደም፤ ሃያ ሺህ በእጅ ሰጥቼ የቀረውን በየወሩ ልከፍል ገዛሁ።

ባንክ መሄድ አልተቻለም። ባንክ ያለ ወለድ አያበድርም፣ እኛ ደግሞ ወለድ አንነካም። እዚህ ያለ ሙስሊም ሁሉ መውጫው ኮንትራት ፎር ዲድ ነው፦ ገዢ በየወሩ ለሻጩ ይከፍላል፣ ስሙ ግን የመጨረሻዋ ዶላር እስክትገባ በሻጩ ይቆያል፤ ስትገባ ሻጩ ዋራንቲ ዲድ ይፈርማል። ይኸኛው ወረቀት እንዲህ የሚል ነው፦ ሕንፃው የእኔ ነበር፣ ሸጬለታለሁ፣ ዕዳ የለበትም፣ ነገ ማንም መጥቶ ይገባኛል ቢል የምመልሰው እኔ ነኝ፣ ካልመለስኩ ከኪሴ። ውላችንን የተፈራረምነው ሼህ እንድሪስ ሳሎን ውስጥ ነው፣ እሳቸውን ጨምሮ በሦስት ሽማግሌ ፊት። ሼህ እንድሪስ ሁለታችንንም ከአገር ቤት የሚያውቁን ሰው ናቸው። ተፈራረምን፣ ዱዓ ተደረገ፣ ተምር ቀመስን፣ ሼሁ ወረቀቱን አራት አጥፈው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከቱት። በዚህ አገር ውል የሚጸናው ካውንቲ ሄዶ ሲመዘገብ ነው። እኛ ዘንድ የሚጸናው ሼህ እንድሪስ ቆርቆሮውን ሲከድኑት ነው። መዝገብ ቤት ማለት ለእኔ እሳቸው ነበሩ። ከሦስት ሽማግሌ ፊርማ በላይ የአንዲት ፈረንጅ ጸሐፊ ማኅተም ይበልጣል ብሎ ማን ያስባል? አላሰብኩም። ነጋዴ ነኝ የምለው ሰውዬ ይህን አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ጥሩ ነበር፤ ክፉው ነገር ውስጥ ውስጡን እየሄደ እንኳ ጥሩ ነበር። ሻንጣ፣ ሻሽ፣ ሒና፣ የስልክ ካርድ እሸጥ ነበር። የስልክ ካርዱን አፕ ገደለው፤ አምስት ዶላር የምትሸጥ ካርድ አንድ ክረምት ውስጥ የመጽሐፍ ምልክት ሆነች። ሻንጣው ግን አልሞተም፤ ሃያ ሦስት ኪሎ የሚችለው ትልቁ ሠላሳ አምስት ዶላር፣ ለሚከራከር ሠላሳ፣ በጣም ለሚከራከር ሠላሳ ሁለት፣ ምክንያቱም ጊዜዬን ወስዷል። ጎኔ ያለው ሜክሲኳዊ ፀጉር አስተካካይ አሥራ ሁለት ዶላር ያስከፍላል፣ ቀኑን ሙሉ ራዲዮኑ አኮርዲዮን ያለቅሳል። ሳምቡሳ አንድ ከሃምሳ ነበር፣ ዛሬ ሦስት ዶላር ሆኖ ሥጋው ቀንሷል። ያ ትልቁ የእግር ኳሳቸው ጨዋታ ከተማችን የመጣበት ክረምት ትዝ ይለኛል፤ ከሙቀት አገር የመጣ ሰው ሁሉ ጆሮው ሊወድቅ ሲደርስ ሱቄ ይገባል፣ የአራት ዶላር ኮፍያ አሥር ብዬ ሸጥኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለውኝ ሄዱ። ዘሃራ፣ ባለቤቴ፣ የዕለቱን ገንዘብ ላይ ቤት ይዛ ወጥታ ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ትስቅ ነበር። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ሺህ ለጀማል አደርሳለሁ። የጀማል ሚስት ፋጡማ በሩን ትከፍታለች፣ ዘሃራን ምነው ሳትይዛት መጣህ ትለኛለች፣ አብረው ገበያ ይሄዳሉ፣ አብረው የሰው ለቅሶ ይውላሉ። ከእህትማማች የሚለያቸው አንድ እናት አለመኖሯ ብቻ ነበር።

ሊያልቅ አሥራ አንድ ወር ሲቀረው ጀማል ሱቄ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ፕሊማውዝ ሦስት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ያለው ቤት ገዝቶ ነበር፣ ገንዘብ ሳያጥረው አልቀረም። የቀረውን አጠቃለህ ስጠኝና ወረቀትህን ውሰድ፣ ምን ያደክመናል አለኝ። ደስ አለኝ። ቁጠባዬን አንኮትኩቼ ከፈልኩ። በሳምንቱ አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ተምር በሣጥን ጨምሮ። ወረቀቱ ላይ የእሱም የእኔም ስም አለ፣ የሕንፃው አድራሻ አለ፣ ፊርማው አለ። ተቃቀፍን። ወረቀቱን በመስታወት አስገጥሜ ከሒሳብ ማሽኑ በላይ ሰቀልኩት፣ ደንበኛ ሲጠይቀኝም አስረዳሁ። አራት ወር ሙሉ የተሰቀለው ምን እንደነበረ እንግዲህ ልንገራችሁ።

ጣሪያው ማልቀሱን ስላላቆመ ላስቀይረው ፈልጌ ፈቃድ ጠየቅኩ። የከተማው ሰው ባለቤቱ ይፈርም አለኝ። ባለቤቱ እኔ ነኝ አልኩት። መዝገቡ እንደዚያ አይልም አለኝ። ወረቀቱን ከግድግዳ አውርጄ፣ ከነመስታወቱ በብብቴ ይዤ ካውንቲ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ አነበበችው፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ አንድ ገጽ አትማ ገፋችልኝ። መዝገቡ ላይ ያለው ጀማል ነው። ከጀማል ሥር አንድ ባንክ አለ። ጀማል ከሦስት ዓመት በፊት፣ እኔ በየወሩ ሺህ ሺህ እያደረስኩለት፣ በዚያው ሕንፃ ላይ ከባንክ ተበድሮበታል። በወለድ። ወለድ ሐራም ነው ብሎ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመክረን ሰው። እሺ የእኔስ ወረቀት አልኳት። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ይሄ ኩዊት ክሌም ነው አለችኝ። ትርጉሙን በኋላ ነው ያወቅኩት፦ እዚህ ሕንፃ ላይ ምናልባት አንዳች ነገር ካለኝ ለቅቄልሃለሁ፣ ከሌለኝም የለኝም። እኔ ያን ዓይነት ሽያጭ መርካቶ ሠርቼበታለሁ፤ የካርቶን ቀበቶ ይባላል።

ጠበቃዬ ሴይንት ፖል ከጥርስ ሐኪም በላይ ቢሮ ያላት ነጭ ፀጉር ሴትዮ ናት። ሻንጣ ስትገዛኝ ነው የተዋወቅነው፣ ሠላሳ ከፍላ ወስዳለች፣ ከዚያ ነው ያከበርኳት። ለሰዓት ሦስት መቶ ነው፣ አልከራከርም አለችኝ። ሁለት መቶ ሰባ ላይ ተስማማን። ሁሉንም አስረዳችኝ። ውሉን በአራት ወር ውስጥ ካውንቲ ወስዶ ማስመዝገብ የገዢው ሥራ ነበር፣ አላደረግኩም፣ ባንኩ ቀደመኝ። ጀማል ስልሳ አንድ ሺህ ይቀርበታል፤ መክፈል ያቆመ ቀን ባንኩ ሕንፃውን ለሐራጅ ያወጣዋል፣ እኔም ከነሻንጣዬ ውጭ ነኝ። በብስኩት ቆርቆሮ ያለውን ውል ይዘን መክሰስ እንችላለን፣ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል። አለዚያ ደግሞ አለች፣ ብዕሯን አስቀምጣ፣ ውሉ ላይ ቃል የገባልህን ዋራንቲ ዲድ ቢፈርምልህ፣ ዕዳ የለበትም ብሎ የፈረመው ውሸት ይሆናል፣ ለውሸቱም ያለው ንብረት ሁሉ መያዣ ነው። ግን ምን ቆርጦት ይፈርማል አለችኝ። ለእኔ አይፈርምም፣ ሰው ፊት ግን ይፈርማል አልኳት።

ያ በጋ አገር ቤት አዲስ ነገር መጣ ተብሎ ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚተቃቀፍበት በጋ ነበር። ፖለቲካውን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ የማውቀው የሰሞኑን መፈክር የያዘውን ቲሸርት ነው፤ በአምስት ከሃምሳ አሳትሜ አሥራ አምስት ሸጥኩ፣ ትልቁ መጠን ቀድሞ አለቀ። ሃያ ዓመት ሳይነጋገሩ የኖሩ ሰዎች ፓርክ ውስጥ እየተላቀሱ ይታረቃሉ። ሽማግሎች ሥራ በዝቶባቸው ከቤት ቤት ይዞራሉ፣ ያልታረቀ ሰው እንደ በሽተኛ ይታይ ነበር። እኔም ዕቃው በተፈለገበት ጊዜ ማቅረብ አውቃለሁና የሚያስታርቁት ጠብ አቀረብኩላቸው። ስለ ባንኩ ለማንም አልተነፈስኩም፣ ለዘሃራም ጭምር። ኢድ ሰላት ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል፣ ጀማል እጁን ሲዘረጋልኝ አልጨበጥኩትም። ጀርባዬን ሰጥቼው ጫማዬን አጠለቅኩ። አሥር ቀን አልሞላም፣ ሼህ እንድሪስ አስጠሩን።

እዚያው ሳሎን፣ እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች። የሽምግልና ወግ አለው፦ ነገሩ ከመሰማቱ በፊት ሁለቱም ወገን ሽማግሌ ያለውን እቀበላለሁ ብሎ ቃል ይገባል። ጀማል ቀድሞኝ ቃል ገባ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳሎኑ እንዲሰማው። እኔም ገባሁ። ሼህ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሙሄ፣ ቅር የተሰኘኸው አንተ ነህ። ምን ቢደረግልህ ልብህ ይሽራል?»

«ገንዘብ አልፈልግም ሼሁ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ እንዲለኝም አልፈልግም፣ ታላቄ ነው። እናንተ ፊት የተዋዋልነው ላይ የተጻፈውን ዓይነት ወረቀት፣ ከነባለቤቱ፣ ማኅተም ያለው ሰው ፊት ይፈርምልኝ። የሰጠኝ ሌላ ዓይነት ነው።»

ጀማል ሳቀ። «ለዚህ ነው ኢድ ላይ ያዋረድከኝ?»

«ለዚህ ነው።»

«አንተን አሜሪካ አበላሽታሃለች። ወረቀት እንደ ኪኒን መዋጥ ጀመርክ። ሰጥቼው የለም እንዴ ሕንፃውን! አንድ አይደለም አሥር እፈርምለታለሁ።»

«አንድ ይበቃኛል» አልኩት።

ሽማግሎቹ በጣም ወደዱኝ። አንደኛው፣ ገንዘብ ያልጠየቀ ተበዳይ በሽምግልና ዘመኔ አላየሁም ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ተቃቀፍን፣ ዱዓ ተደረገ። ጀማል ምን እንዳሰበ አውቃለሁ፤ ሕንፃውን አንዴ ለቅቄዋለሁ፣ ሁለተኛ ወረቀት ምን ያስከፍለኛል ብሎ ነው። ባንኩን በየወሩ እየከፈለ ማንም ሳያይ ሊጨርሰው ነበር። ምናልባትም ይጨርሰው ነበር። ምናልባት የሚለውን ቃል ግን እኔ ከግድግዳዬ አውርጄዋለሁ።

የፈረምነው ፕሊማውዝ፣ እሱ ቤት አጠገብ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ያን ቀን ሱፍ ለበስኩ። አመድማ ነው፣ መርካቶ ሸማ ተራ አስለክቼ ያሰፋሁት፣ ሰፊው ለክርስትናም ለኒካህም ይሆናል ያለኝ፤ ሆዴ ስለገፋ አዝራሩ አልገጠመም፣ በዚያ ሙቀት ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ግን ሱፍ ያስፈልገው የነበረ ቀን ነው። ወረቀቱን ጠበቃዬ አዘጋጅታዋለች። የዝውውሩን ግብር በሕጉ የሚከፍለው ሻጭ ነው፤ እኔ እከፍላለሁ አልኩት፣ እጁ እንዳይዝል። ተከራክሬ ያልቀነስኩት ብቸኛ ገንዘብ ነው። ጀማል ሳያነብ ፈረመ፣ እንደ ሚኒስትር እጁን አወናጭፎ። ፋጡማ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፣ አየር ማረፊያ የምግብ ማዘጋጃ ትሠራ ነበር፣ ስሟ የተጻፈበት ባጅ ደረቷ ላይ አለ። ብዕሩን ይዛ ቆመች።

«ሙሄ፣ መነጽሬን መኪና ውስጥ ረሳሁት፣ ፊደሉ ደቃቃ ነው። ምን ይላል?»

ጀማልን አልጠየቀችውም። እኔን ነው የጠየቀችው።

«ሕንፃው የእኔ መሆኑን ይላል» አልኳት።

«እሱማ ያንተ ነው» አለችና ፈረመች።

አልዋሸኋትም። ዕድሜዬን ሙሉ የሸጥኩት እንዲህ ነው፤ ስለ ጨርቁ ስትጠይቀኝ ስለ ስፌቱ እነግርሃለሁ። የማኅተሙ ልጅ አምስት ዶላር ተቀበለኝ፣ እኔም ወረቀቱን አንድ ቀን አላሳደርኩትም፣ በቀጥታ ካውንቲ። መስኮቱ ላይ ያችው ሴትዮ ነበረች። ተቀበለችው፣ መታችበት፣ አየችኝ፣ ሱፉ ያምርብሃል አለችኝ።

የጠበቃዋ ደብዳቤ በደረሰው በሦስተኛው ቀን ጀማል ሱቄ ገባ። ካፖርት አልለበሰም፣ በጋ ነው፤ ያለ ካፖርቱ ትንሽ ሰው ነበር። ደብዳቤውን ሻንጣዎቹ ላይ አኖረው። በስልሳ ቀን ውስጥ የባንኩን ዕዳ ከፍሎ ሕንፃውን ነፃ ያውጣ፣ አለዚያ እኔ ከፍዬ እከሰዋለሁ ይላል።

«ሙሄ፣ ሽማግሌ ፊት ታርቀን የለም?»

«ሽማግሌ ፊት ሸጠህልኝ የለም?»

«ስልሳ አንድ ሺህ ከየት አመጣለሁ? በየወሩ እየከፈልኩት ነው እኮ፣ አንተ ምን ጎደለህ?»

«አንተስ ወለዱ እንዴት ነው፣ ይጣፍጣል?»

ደብዳቤውን ከሻንጣዎቹ ላይ አነሳው። ውጭ አውቶቡሱ ቆሞ ተነሳ። ከዚያ «የፋጡማን ስም ተወው» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «ከሁለት ልጅ ጋር ነች። እሷ ስለ ባንኩ አታውቅም ነበር።»

«ዲዱ ላይ ፈርማለች» አልኩት። ትልቅ ሻንጣ የሚፈልግ ደንበኛ ገብቶ ነበርና ወደዚያ ሄድኩ። ሠላሳ አምስት ሸጥኩለት። ስመለስ ጀማል የለም።

ስልሳው ቀን አለፈ። ከዘመድ ሁሉ አሰባስቤ፣ የሂክማን የትምህርት ቤት ገንዘብ ጨምሬ፣ ባንኩን ዘጋሁት፣ ሕንፃው ነፃ ወጣ፣ ከሰስኩ። ፍርድ ቤት ረጅም ንግግር አልነበረም፤ ዳኛው ዲዱን አነበቡ፣ የባንኩን ወረቀት አነበቡ፣ ፊርማችሁ ነው ወይ ብለው ሁለቱንም ጠየቁ። ጀማል አዎ አለ። ፋጡማ አስተርጓሚ አስፈልጓት ነበር፤ አስተርጓሚው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ሲያነብላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው፣ ፍርድ ቤት ቆማ። ወደ እኔ አልዞረችም። እኔ ግን አየኋት፣ ለማየት ነበርና የመጣሁት ጀማልን፣ ዓይኔ ግን እሷ ላይ ሄደ። ፍርዱ በሁለቱም ላይ ወጣ። ጀማል የሚያከራያቸውን ሁለት ቤቶች ሸጦ ከፈለኝ። የፕሊማውዙ ቤት በኪራዩ ነበር የሚቆመው፣ ኪራዩ ሲቀር እሱም ሄደ፣ ጋራዡ ከነሦስት በሩ። ዜናውን የሰማሁት ፀጉሬን ስቆረጥ ነው። ለሜክሲኳዊው ስምንት ዶላር ጉርሻ ሰጠሁት፣ ምን ተገኘ ብሎ ገረመው።

ሼህ እንድሪስ አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቅ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ አልተቀመጡም። የብስኩት ቆርቆሮውን ይዘው ነበር፣ ውላችንን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት፣ ከእንግዲህ የማንንም ወረቀት አልይዝም አሉ። እኔም የያዝኩትን መናገር ፈልጌ፣ የዋሸው እሱ ነው፣ እርስዎ ፊት ቃል ገብቶ የበላው እሱ ነው፣ እኔ የጠየቅኩት የተጻፈውን ብቻ ነው አልኩ።

«ትክክል ነህ» አሉኝ። «ውሉ ላይ ትክክል ነህ፣ አንድ ፊደል አልጨመርክም። ግን ያን ቀን ያስታረቅኩት ሁለት ሰው መስሎኝ ነበር። አንደኛው ለካ አልመጣም።»

ከዚያ ወዲህ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ ያ ፈርድ፣ የሃይማኖት ግዴታ ነው። ሌላ ቃል የለም። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሎች ያን ያህልም አያደርጉም። መስጊድ ስገባ የፊተኛው ሰፍ ሰው ይጠጋጋና ቦታ ይጠፋል፣ ሰው ሳይበዛም ይጠፋል። ኋላ እሰግዳለሁ፤ ማራገቢያው እዚያ ይሻላል።

ዘመኑ ከዚያ በኋላ ተገለባበጠ። በሽታው መጣ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ ተከፈተ፤ ፖሊስ ሰው ገድሎ ሕዝብ ሲነሳ፣ መንገዱ ሲቃጠል እዚያው ጥጉ ላይ የውሃ ቱቦ ይዤ ቆሜ ነበር፣ የእኔ ተረፈ። ቲሸርቱን ገዝተው የተቃቀፉት ሰዎች መልሰው ተኳርፈዋል፤ የቀረችኝ አንዲት ካርቶን መካከለኛ መጠን ናት፣ ወለል መወልወያ አደረግናት። ጀማል አሁን አንድ አፓርታማ ሕንፃ ውስጥ ጥበቃ ነው ይሉኛል፣ የሰው በር ይጠብቃል። ሰው ይህን የሚነግረኝ ያዝናል ብሎ ነው። አላዝንም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ንስሐ ልገባ ነው የሚል ካለ ካርቶን ቀበቶ ገዝቷል። ያ ሰው የዘጠኝ ዓመት ላቤን በአንድ ገጽ ሊሸፍን ነበር፣ ወረቀቱንም ሰቅዬ ለደንበኛ እንዳሳይ ተወኝ፣ በየሳምንቱ እየገባ መስታወቱ ሥር ሻዬን ጠጣ። ዛሬም ቢሆን ሱፌን ለብሼ እሄዳለሁ።

የማይሸጥ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ፍርዱ በወጣበት ሳምንት ፋጡማ ለዘሃራ ደወለች። ስለ ገንዘቡ አላነሳችም አሉ። «ምን ይላል ብዬው ነበር፣ ሙሄን ነበር የጠየቅኩት»፣ ይህን ብቻ ነው ያለቻት። ዘሃራ ስልኩን ዘግታ ወደ ሱቅ ወረደች፣ ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀች።

«ጠይቃህ ነበር?»

«ጠይቃኝ ነበር።»

«አንተስ ምን አልካት?»

ያልኳትን ነገርኳት። ቃል በቃል። ዘሃራ ራሷን ነቀነቀች፣ ዋጋ እንደተነገረውና እንደማይገዛ ሰው፣ ወደ ላይ ወጣች። አልጮኸችም፣ ቤት ጥዬ እሄዳለሁ አላለችም። በየሳምንቱ ለፋጡማ ምግብ ሠርታ በአውቶቡስ ታደርሳለች፤ ላድርስሽ ስላት አውቶቡሱ ይሻለኛል ትላለች። ዕቃ ሲያልቅ ትነግረኛለች፣ ሂክማ ስትደውል ስልኩን ታቀብለኛለች፣ ለመድኃኒቴ ሰዓት ታስታውሰኛለች። ምሳና እራት ሲደርስ የእኔን በሰሀን ታደርግና ደረጃው ላይ ታስቀምጠዋለች።

ሒሳቡ ሲዘጋ ይህ ነው። ሕንፃው በስሜ ነው፣ ዕዳ የለበትም። ስልሳ አንድ ሺህ ዶላሬ ተመልሷል። ጀማል ቤት የለውም። ዘሃራ ላይ ትበላለች፣ እኔ ታች።